ሰው አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ዕቃ ማን ይከታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰው አገር ስትሄዱ ስለ ቪዛው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ባንክ ሒሳቡ የሚነግራችሁ አይጠፋም። ካሸር ጋ ስትደርሱ ዕቃውን ማን ፌስታል ውስጥ እንደሚከተው ግን ማንም አይነግራችሁም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ግን በየሳምንቱ የሚገጥማችሁ ነገር ነው፣ ያውም ቋንቋው ገና ሳይገባችሁ፣ ከኋላችሁ ሰው ተሰልፎ እያያችሁ። ብዙ ሰው በዚህ ተሸማቆ ይወጣል፣ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በቀላሉ የሚለመድ ነገር ነው። አዲስ የመጡ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁትን ከነመልሱ ከታች አስቀምጫለሁ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የምከተው እኔ ነኝ ወይስ የሱቁ ሰው ነው? በምን ልወቅ?

ባንኮኒውን እዩት። ሰው ከመጠየቃችሁ በፊት ባንኮኒው ራሱ ይነግራችኋል።

ካሸሩ ባርኮዱን ካስነበበ በኋላ ዕቃው የሚያርፍበትን ቦታ ተመልከቱ። ፌስታል የተንጠለጠለበት ሽቦ ካለና አጠገቡ አንድ ሰው የሚቆምበት ቦታ ከተተወለት፣ የሚከተው የሱቁ ሰው ነው። አሜሪካ በብዙ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶች የምታዩት ይኼን ነው። ማረፊያው ረጅም ሆኖ መሃሉ ላይ ወዲህና ወዲያ የሚዞር መለያ ካለው ደግሞ የምትከቱት እናንተ ናችሁ፣ ግን ጊዜ ተሰጥቷችኋል። መለያው የተሠራው ለዚሁ ነው፤ እናንተ በአንዱ ጎን ስትከቱ የቀጣዩ ሰው ዕቃ በሌላው ጎን ይወርዳል። አውሮፓ ውስጥ ብዙ ቦታ እንዲህ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። ባርኮድ ከሚነበብበት መስታወት ቀጥሎ ያለው ቦታ ከክንድ አይበልጥም። ሁለት ካርቶን ወተትና አንድ ዳቦ ካረፈበት ሞላ። ይኼን የሠራው ሰው እዚያ ላይ ማንም ቆሞ እንዲከት አላሰበም። ዕቃው በቀጥታ ተመልሶ ወደ ጋሪው ይገባል፣ ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ ዞር ብላችሁ ሌላ ቦታ ትከታላችሁ። ይኼ ከገባችሁ ግማሹ ጭንቀት ያን ጊዜውኑ ይለቃችኋል። አራተኛ ዓይነትም አለ፣ ጃፓን የተለመደው፣ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

ባንኮኒው አልነግር ካላችሁ ከፊታችሁ ያለውን ሰው እዩ። ተራ መጠበቅ ለዚህም ይጠቅማል።

ጀርመን ነኝ። ካሸሯ ዕቃዬን እንደዚያ እያጣደፈች የምትገፋብኝ ተቆጥታ ነው?

አልተቆጣችም። እናንተን አላየቻችሁም እንኳ ማለት ይቻላል፣ አይኗ ዕቃው ላይ ነው።

አልዲና ሊድልን በመሳሰሉት ቅናሽ ሱቆች ፍጥነቱ የአሠራሩ አካል ነው። ዋጋው ዝቅ ያለበት አንዱ ምክንያት ጥቂት ሠራተኛ ብዙ ደንበኛ ስለሚያስተናግድ ነው። አልዲ ባርኮድ የሚያነብ ማሽን ያስገባው ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ። እስከዚያ ድረስ ካሸሮቹ የየዕቃውን ቁጥር በቃላቸው ይዘው በጣታቸው ይመቱ ነበር፣ ያም ከማሽኑ አያንስም ነበር። ዛሬም የሱቁ የራሱ ምርቶች ላይ ባርኮዱ በትልቁ፣ ከአንድ በላይ በሆነ ጎን ታትሞ ታገኙታላችሁ፣ ካሸሩ እያገላበጠ እንዳይፈልግ ተብሎ። እና ይኼን ሁሉ ያሰበ ድርጅት ካሸሩ ቆም ብሎ «አይዟችሁ፣ ቀስ በሉ» እንዲላችሁ አልቀጠረውም። የግል ነገር አድርጋችሁ አትውሰዱት።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው ሱፐርማርኬት ዎልማርት በ1997 ጀርመን ገባ፣ በ2006 ለቆ ወጣ። የወጣበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ከዋጋ ውድድሩ ጀምሮ። ግን በተደጋጋሚ ከሚነሱት አንዱ ከአሜሪካ ይዞት የመጣው መስተንግዶ ነው፤ በር ላይ ፈገግ ብሎ የሚቀበል ሰው፣ ካሸሩ ጋ ደግሞ ዕቃ የሚከት ሠራተኛ። ብዙ ጀርመናዊ አልተመቸውም። የማያውቀው ሰው የገዛውን ዕቃ ሲነካካበት ቅር ይለዋል። እኛ «ምን ነካቸው፣ አንድ እንኳ የሚያግዝ የለም» የምንለውን እነሱ «ተመስገን፣ ማንም አልነካብኝም» ብለው ነው የሚያልፉት።

እሺ፣ ግን በዚያ ፍጥነት እንዴት ልድረስ?

አትደርሱም፣ መድረስም የለባችሁም። እሷ ቀኑን ሙሉ የምትሠራውን እናንተ በሳምንት አንዴ ሠርታችሁ ልትቀድሟት አትችሉም። የምትችሉት ነገር ሥራውን ወደፊት ማምጣት ነው። ዕቃ መክተት የሚጀመረው ዕቃውን ወደ ካሸሩ በሚወስደው ተንቀሳቃሽ ጎማ ላይ ስትደረድሩ ነው። ይኼን አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል።

እንዲህ አድርጉ። ከባዱንና የማይጨመቀውን ከፊት አስቀድሙ፤ ውሃ፣ ወተት፣ ቆርቆሮ፣ የዱቄት ከረጢት፣ ድንች። ከዚያ መካከለኛው፣ ፓስታውና ሳሙናው። ዳቦ፣ ዕንቁላልና የሚፈርጥ ፍራፍሬ መጨረሻ ላይ። ዕቃው ካሸሩ ጋ የሚደርሰው በዚሁ ተራ ስለሆነ ጋሪው ውስጥ ሲገባም ከባዱ ከታች ይሆናል፣ ለስላሳው ከላይ፣ እናንተ ምንም ሳታስቡበት። ከማቀዝቀዣ የወጣውን አንድ ላይ አጠጋጉት። የምታስገቡባቸውን ቦርሳዎች ደግሞ ገና ተራ ስትጠብቁ ከፍታችሁ ጋሪው ውስጥ አቁሟቸው። ታጥፎ የተጠቀለለ ቦርሳ ካሸሩ ፊት ቆሞ መፍታት፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ ከምንም በላይ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ተራችሁ ሲደርስ ቀድማችሁ ወደ ማዶው ጫፍ እለፉ። ጋሪውን ከማረፊያው ጋር አጠጉት። ዕቃው ሲመጣ በሁለት እጅ እየተቀበላችሁ ወደ ጋሪው አውርዱ፣ አትደርድሩ፣ አታሳምሩ። ዋጋው ሲነገራችሁ እጃችሁን ከዕቃው ላይ አንሱና ክፈሉ። መክተትና መክፈልን አንድ ላይ የሞከረ ሰው ሁለቱንም ያበላሻል፤ ካርዱ ይጠፋዋል፣ ዕንቁላሉ ይንሸራተታል፣ ቁጥሩን ይረሳል። ካርዳችሁ ወይም ስልካችሁ ኪስ ውስጥ በሚደረስበት ቦታ ይሁን እንጂ ቦርሳ ሥር አይቀበር።

ከከፈላችሁ በኋላ ከካሸሩ ማዶ፣ ብዙ ጊዜ በመስኮቱ በኩል፣ ረጅም ጠረጴዛ ወይም መደርደሪያ ታያላችሁ። ለዚህ የተቀመጠ ነው። እዚያ ሄዳችሁ እንደፈለጋችሁ ጊዜ ወስዳችሁ ክተቱ፣ ደረሰኙንም እዚያው ቆማችሁ አመሳክሩ። ከሌለ መኪናችሁ ጋ ክተቱ።

ሁለት ሆናችሁ ከሄዳችሁማ ነገሩ አለቀ። አንዱ ይደርድር፣ አንዱ ጫፉ ላይ ይጠብቅ።

አሜሪካ ነኝ። ሌላ ሰው ዕቃዬን ሲከትልኝ ቆሜ ማየት ያሳፍረኛል። ላግዝ?

ማፈር አያስፈልግም፣ ሥራው ነው፣ ደመወዝ የሚከፈለውም ለዚሁ ነው። ሰላም በሉት፣ ሲጨርስ አመስግኑት። በዚህ ሥራ ላይ ካሉት ብዙዎቹ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች፣ ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ሠራተኞች ናቸው፣ ዝም ተብለው ሲታለፉ ደግሞ ማንም ሰው እንደሚሰማው ይሰማቸዋል።

የሚከት ሰው ከሌለና ሰልፉ ከረዘመ ግን ራሳችሁ መጀመር ነውር የለውም። ካሸሩ ብዙ ጊዜ ደስ ይለዋል። ሠራተኛው ቆሞ እያለ እጃችሁን ማስገባት ነው የማይመቸው፣ ሁለት ሰው አንድ ፌስታል ውስጥ ሲከት ሥራ ይበላሻል። የተለየ ፍላጎት ካላችሁ ከመጀመሩ በፊት ንገሩት። «እባክህ አታክብደው፣ በእግሬ ነው የምሄደው።» «ሥጋውን ለብቻው።» ይኼን መናገር እንደ ትዕዛዝ አይቆጠርም። «ወረቀት ወይስ ፕላስቲክ?» ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ የፈለጋችሁትን በሉ፣ የራሳችሁን ቦርሳ ከያዛችሁ ግን ከሁሉ በፊት ጎማው ላይ ከዕቃው ፊት አስቀምጡት፣ ቀድሞ እንዲደርሰው።

እዚያው አሜሪካም ሁሉም አይከትላችሁም። አልዲ አይከትም። በብዛት የሚሸጠው ኮስትኮ ጭራሽ ፌስታል የለውም፣ ዕቃ የመጣበትን ባዶ ካርቶን ነው የሚሰጣችሁ። ስለዚህ «አሜሪካ እንዲህ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ፣ ባንኮኒውን እዩ።

በነገራችን ላይ ሥራው እዚያ የሚከበር ሙያ ነው። በየዓመቱ የአገር አቀፍ የዕቃ መክተት ውድድር ይካሄዳል፣ ተወዳዳሪዎቹ በፍጥነት ብቻ ሳይሆን ክብደቱን በየከረጢቱ እኩል በማከፋፈላቸውና በአደራደራቸውም ይዳኛሉ። ጥሩ ሠራተኛ ሲከት አንዴ በደንብ ተመልከቱት። በመጀመሪያ ካርቶን ካርቶኑን በጎንና በጎን እንደ ግድግዳ ያቆማል፣ መሃሉ ላይ ቆርቆሮውን ያስገባል፣ ከላይ ቀላሉን ይደፋበታል። ከረጢቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቤት ወስዳችሁ የምትጠቀሙበት ዕውቀት ነው።

ቲፕ ይሰጣል?

አሜሪካ በተራው ሱፐርማርኬት አይሰጥም፣ ብዙ ሱቆች እንዲያውም ሠራተኛው እንዳይቀበል ይከለክላሉ። የወታደር ቤተሰብ የሚገበያይባቸው በጦር ካምፕ ያሉ ሱቆች ግን የተለዩ ናቸው፤ እዚያ የሚከቱት ሰዎች ደመወዝ የላቸውም፣ የሚኖሩት በቲፕ ነው። ሜክሲኮም በአንዳንድ ሱቆች እንዲሁ ነው። ድሮ ልጆች፣ አሁን በአብዛኛው አረጋውያን ካሸሩ ጫፍ ላይ ቆመው ይከታሉ፣ ከሱቁ ደመወዝ አያገኙም፣ እናንተ የምትሰጡት ሳንቲም ነው ገቢያቸው። እዚያ ሳትሰጡ ማለፍ ያሳፍራል፣ ዝርዝር ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ።

አውሮፓ ውስጥ ጥያቄው አይነሳም። እንግሊዝ አገር ግን አንዳንድ ቀን የትምህርት ቤት ልጆች ወይም ስካውቶች ካሸሩ ጫፍ ላይ ባልዲ አስቀምጠው ዕቃ ሲከቱ ታያላችሁ። ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እየሰበሰቡ ነው። ሳንቲም ጣል ማድረግ ጥሩ ነው፣ አልፈልግም ማለትም ይቻላል። በሌላው ቀን ደግሞ ካሸሩ ራሱ «ሲከቱ ላግዝዎ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ይኼ የአክብሮት ጥያቄ ነው፣ «አመሰግናለሁ፣ ይበቃኛል» ካላችሁ ነገሩ እዚያ ያልቃል።

ጃፓን ካሸሩ ዕቃዬን ከአንድ ቅርጫት ወደ ሌላ ቅርጫት ብቻ አዛውሮ ሰጠኝ። ቀጥሎስ?

ቅርጫቱን ይዛችሁ ከካሸሩ ማዶ ወዳለው ጠረጴዛ ሂዱ። ይኼ ነው ያልኳችሁ አራተኛው ዓይነት፣ እኔ ከሁሉም የምወደውም እሱን ነው።

ካሸሩ ዕቃውን ሲያዛውር ልብ ብላችሁ እዩት። አይወረውርም። ከባዱን ከታች፣ የሚጨመቀውን ከላይ፣ ጠርሙሱን ጥግ እያስያዘ አሰናድቶ ነው የሚሰጣችሁ። ብዙ ሱቅ ውስጥ የተከፈለበት ቅርጫት ቀለሙም ይለያል፣ ካልተከፈለበት ጋር እንዳይቀላቀል። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ፤ እርጥብ ነገር የሚጠቀለልበት ስስ የላስቲክ ጥቅል፣ ፕላስተር፣ አጠገቡ ደግሞ በውሃ የራሰች ትንሽ ስፖንጅ ወይም ጨርቅ። ስፖንጇ ጣት ማርጠቢያ ናት፣ እየተጣበቀ አልከፈት የሚለው የፌስታል አፍ በደረቅ ጣት ስለሚያስቸግር። እዚያ ቆማችሁ የፈጀውን ያህል ጊዜ ብትወስዱ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ስትጨርሱ ባዶውን ቅርጫት ቅርጫቶች ከተደራረቡበት ላይ መልሱ።

ከ2020 ሐምሌ 1 ጀምሮ የፕላስቲክ ፌስታል በሕግ በክፍያ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 የን። ካሸሩ ትፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃችኋል። ቋንቋው ካልገባችሁ ቦርሳችሁን ከፍ አድርጋችሁ አሳዩ፣ ይገባዋል።

ፌስታል ለምን በነጻ አይሰጡኝም? ተጭበርብሬ ይሆን?

አልተጭበረበራችሁም፣ ሕግ ነው። ሕጉ ደግሞ ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ስለሚለያይ የለመዳችሁትን ይዛችሁ አትሂዱ።

አየርላንድ በ2002 በእያንዳንዱ ፌስታል 15 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች፣ በ2007 ወደ 22 አሳደገችው። እንግሊዝ በ2015 በትልልቆቹ ሱቆች 5 ፔንስ ብላ ጀመረች፣ በ2021 ወደ 10 ፔንስ ከፍ አድርጋ ለሁሉም ሱቅ አዳረሰችው። ጀርመን ከ2022 ጥር 1 ጀምሮ ተራውን ቀላል የፕላስቲክ ፌስታል ካሸር ጋ ከልክላለች፤ አትክልትና ፍራፍሬ የሚገባበት ስስ ላስቲክ ግን አልተከለከለም፣ ስለዚህ እሱን ስታዩ አትደናገሩ። ስዊድን በተቃራኒው በ2020 የጣለችውን የፌስታል ቀረጥ በ2024 ኅዳር አንስታዋለች።

አሜሪካ እንደ አገር አንድ ሕግ የላትም። ኒው ዮርክ ከ2020 መጋቢት ጀምሮ ፕላስቲኩን ከልክላለች። ኒው ጀርሲ በ2022 ባሰ፣ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች የወረቀቱንም አይሰጡም። ከኒው ዮርክ ወንዙን ተሻግራችሁ ኒው ጀርሲ ገበያ ብትሄዱ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ነው የምትቆሙት፣ ቦርሳ ካልያዛችሁ መግዛት ነው። ካሊፎርኒያ ቢያንስ 10 ሳንቲም እያስከፈለች ወፍራሙን ፕላስቲክ ፈቅዳ ቆይታ ከ2026 መጀመሪያ እሱንም አስቀርታለች።

ዱባይ በ2022 ሐምሌ ወር ለአንድ ፌስታል 25 ፊልስ (ሩብ ድርሃም) ማስከፈል ጀመረች፣ በ2024 ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ጨርሳ ከለከለች። ደቡብ ኮሪያ ከ2019 ጀምሮ በትልልቅ ሱቆች ፕላስቲኩ ክልክል ነው፤ እዚያ የሚያስደስተኝ ነገር ግን ካሸሩ የሚሸጥላችሁ ከረጢት የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ ከረጢት ሊሆን መቻሉ ነው። ቆሻሻ የሚጣለው በተከፈለበት ከረጢት ብቻ ስለሆነ ዕቃችሁን ይዛችሁበት ትገባላችሁ፣ ቤት ስትደርሱ ቆሻሻ ትጥሉበታላችሁ። ገንዘቡ አልባከነም።

ወደ ኬንያ ወይም ሩዋንዳ የምትሄዱ ከሆነ ነገሩን በቁም ነገር ያዙት። ሩዋንዳ ከ2008 ጀምሮ ከልክላለች። ኬንያ በ2017 ነሐሴ ያወጣችው ክልከላ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት ወይም እስከ 4 ዓመት እስር አለው። ሻንጣችሁ ውስጥ ጫማ የጠቀለላችሁበትን ፌስታል ሳይቀር አውጥታችሁ ሂዱ።

የራሴን ቦርሳ ይዤ ብገባ በሌብነት አይጠረጥሩኝም?

ይኼን የሚጠይቁኝ ብዙዎች ናቸው፣ ስጋቱም ከንቱ አይደለም፣ በተለይ መልካችሁ ከአካባቢው ሰው ሲለይ። ቦርሳችሁን ታጥፎ ጋሪው ውስጥ በግልጽ አስቀምጡት። ስትገበያዩ ዕቃውን ጋሪው ወይም የሱቁ ቅርጫት ውስጥ እንጂ የራሳችሁ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱ፣ ይኼ ብዙ አገር ውስጥ የሚያስጠረጥረው ዋናው ነገር ነው። ከዚያ ሱቅ ቀድማችሁ የገዛችሁት ዕቃ ካለ ደረሰኙን አትጣሉ። ጀርመን ካሸሩ «ቦርሳውን ላየው» ሊላችሁ ይችላል፣ ከፍቶ ማሳየት ነገሩን በሰከንድ ይዘጋዋል። ከእናንተ በፊት የነበሩትን ሁሉ ዝም ብሎ አሳልፎ እናንተን ብቻ ሁልጊዜ የሚፈትሽ ከሆነ ግን ኃላፊውን ጠርታችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ አትዋጡት።

ራሴ የምከፍልበት ማሽን «መክተቻው ላይ ያልታወቀ ዕቃ አለ» እያለ ይጮህብኛል። ምን አጠፋሁ?

ማሽኑ ሥር ሚዛን አለ። ባርኮድ ባስነበባችሁ ቁጥር የዚያ ዕቃ ክብደት መክተቻው ላይ እንዲያርፍ ይጠብቃል። የራሳችሁን ቦርሳ ዝም ብላችሁ ስታስቀምጡበት የቦርሳው ክብደት ያደናግረዋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ «የራሴን ቦርሳ ይዣለሁ» የሚለውን ንኩ፣ ቦርሳውን አስቀምጡ፣ ከዚያ ቀጥሉ። እስክትከፍሉ ድረስ ከመክተቻው ላይ ምንም አታንሱ። ቢጮህም ሠራተኛው መጥቶ ካርዱን አስነክቶ ይከፍትላችኋል፣ እሱ ይኼን ቀኑን ሙሉ ነው የሚሠራው።

ዕቃ አከታተት ላይ የግድ መጠንቀቅ ያለብኝ ነገር አለ?

አለ፣ ጥሬ ሥጋ። ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮና ዓሣ ሳይበስል ከሚበላ ነገር ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አይግባ፣ ፈሳሹ ይወርዳል። በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለብቻው አድርጉት፣ ለሥጋ የያዛችሁትን የጨርቅ ቦርሳ ደግሞ እጠቡት። የጽዳት ዕቃውንም ከምግቡ ለዩ። የቀዘቀዘው አንድ ላይ ሲሆን እርስ በርሱ ይበራረዳል። የአሜሪካ የምግብ ደህንነት መመሪያ የሚበላሽ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ ይላል፣ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ። በአውቶቡስ ለምትመላለሱ ይኼ ትልቅ ነገር ነው፣ መጨረሻ ላይ ነው የቀዘቀዘው ክፍል መግባት።

በእግር ከሆነ የምትሄዱት አንድ ከባድ ቦርሳ ከማንጠልጠል ሁለት እኩል አድርጉት። ጀርባ ላይ የሚታዘል ቦርሳ ካላችሁ ከባዱን እዚያ ክተቱ፣ ከጀርባችሁ ጋር አጠጋግታችሁ።

የትኛውን ዓይነት ቦርሳ ልግዛ?

አዲስ አትግዙ። ቤት ያላችሁን ተጠቀሙ። የጨርቅ ቦርሳ ጥሩ የሚሆነው ደጋግማችሁ ስትይዙት ነው፤ የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ጥናት የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ላይ ባለው ጫና ከተራው ፌስታል እንዲሻል ቢያንስ 131 ጊዜ ጥቅም ላይ መዋል አለበት። በየሳምንቱ እየረሳችሁ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ጥቅሙ የለም። ተጣጥፎ ኪስ የሚገባውን ኮት ኪስ ውስጥ ያዙ፣ ሌላውን በር ላይ ቁልፍ ከሚሰቀልበት አጠገብ አንጠልጥሉት።

ጋሪዎቹ በሰንሰለት ታስረዋል። እንዴት ነው የሚወጡት?

እጀታው ላይ ባለችው ቀዳዳ ሳንቲም አስገቡ፤ ጀርመን 1 ዩሮ ወይም 50 ሳንቲም፣ አሜሪካ አልዲ ጋ የ25 ሳንቲሟን። ሰንሰለቱ ይለቃል። ጋሪውን መልሳችሁ ሰንሰለቱን ስትሰኩት ሳንቲማችሁ ይመለሳል። ለጋሪ ብቻ የሚሆን ሳንቲም ቦርሳችሁ ውስጥ ለብቻው ያዙ።

እርጉዝ ነኝ፣ ወይም እጄን ያመኛል፣ ወይም ሕፃን ይዣለሁ። በፍጥነት መክተት አልችልም።

እንግዲያው ካሸሩ ከመጀመሩ በፊት ንገሩት፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። «ቀስ ብዬ ነው የምከተው፣ እጄን ያመኛል።» በጣም የሚፈጥኑት ካሸሮች እንኳ ሲነገራቸው ይረጋጋሉ። የማያውቁት ነገር ላይ ነው ሰዎች የሚቸኩሉት። የአገሩን ቋንቋ ገና ካልቻላችሁ ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ከኋላ ያለው ሰው ቢያጉረመርምም እናንተም የከፈላችሁ ደንበኛ ናችሁ፣ ዞራችሁ ይቅርታ መጠየቅ አይጠበቅባችሁም። አንዳንዴም ያ ያጉረመርማል ያላችሁት ሰው ራሱ ሕፃኑን እያጫወተ ዕቃ ያቀብላችኋል። ከተቻለ ደግሞ ማለዳ ወይም እራት ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ሰልፉ አጭር ነው።

ስከት ዕንቁላሉ ቢወድቅብኝስ?

ለካሸሩ ወዲያው ንገሩት፣ ራሳችሁ ለማጽዳት አትጎንበሱ። ከሱቁ ገና ሳትወጡ ከሆነ ብዙ ቦታ ሌላ ይሰጧችኋል፣ ግዴታቸው ግን አይደለም። ካርቶኑን ካሸሩ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ከፍታችሁ እዩት፣ መደርደሪያው ላይ እያለ የተሰነጠቀም ይኖራልና።